ለአረጋዊ የሚቀርብ ሳህን፦ ስለ ልብ፣ ስለ አእምሮ እና ስለ ጓዳችን

(በመስከረም ወር የአረጋውያን ቀን ሲታሰብ በጅማ ከተማ በእድራችን አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ጎረቤቶች ጽሑፉን ስለጠየቁኝ እንደተናገርሁት አቅርቤዋለሁ።)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ! አካም ጅርቱ! አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! ጅማ ላይ ቆሞ ለሚናገር ሰው አንድ ሰላምታ አይበቃውም። ከፈረንጅ አራዳ የመጣችሁ፣ ከአጂፕ የመጣችሁ፣ ከጅረን ቁልቁለቱን በእግራችሁ የወረዳችሁ፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ከጅረን የመጣችሁት ስትመለሱ ዳገቱን በእግራችሁ ብትወጡ ደግሞ እኔ ዛሬ ከምናገረው ግማሹን ሠራችሁት ማለት ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ነርስ ነበርኩ፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ከመካከላችሁ መርፌ ወግቼው ያለቀሰ ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ ጢሙ ሸብቷል። የእድራችን ሊቀ መንበር ስለ አመጋገብ፣ ስለ ልብ እና ስለ አእምሮ እንድናገር ሲጠይቁኝ ሦስት ነገር እናገራለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። የመጀመሪያው፣ ልብ እና አእምሮ የአንድ ደም ሥር ልጆች ስለመሆናቸው ነው። ሁለተኛው ስለ ጓዳችን ነው። ሦስተኛው ግን ለእናንተ አይደለም። እናንተን ይዘው ለመጡት ልጆች፣ ለምራቶች እና ለልጅ ልጆች ነው፤ እዚያ በሩ አጠገብ ቆመው ስልክ ለሚያዩት። ልጆች፣ እባካችሁ ገባ በሉ። ዛሬ የምወቅሰው እናንተን ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ።

አእምሯችን ከጠቅላላው የሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እሱ ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርስለት ማን ነው? ልብ ነው። በምን በኩል? በደም ሥር በኩል። ታዲያ ደም ሥር ሲጠብ፣ ሲደድር፣ ሲቆሽሽ የሚጎዳው ልብ ብቻ ነው ወይስ አእምሮም ነው? ሁለቱም ናቸው። ብዙ ሰው ግን ደረቱን ሲወጋው ወደ ሐኪም ይሮጣል፤ ስም መርሳት፣ መንገድ መሳት ሲጀምረው «እርጅና ነው» ብሎ ይቀመጣል።

የሰፈራችንን የውኃ መስመር ታውቁታላችሁ። ውኃው ጠፍቶ ሰንብቶ ሌሊት በኃይል ሲመጣ የሚፈነዳው ዋናው መስመር አይደለም፤ ጓሮ ያለችው ቀጭኗ ቱቦ ናት። በአእምሮ ውስጥ ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ ደም ሥሮች አሉ። የደም ግፊት ለዓመታት ሲደበድባቸው አንዳንዱ ይፈነዳል፣ አንዳንዱ ይደፈናል። ትልቁ ሲመታ ስትሮክ እንላለን፤ አፍ ይጣመማል፣ እጅ ይዝላል፣ ንግግር ይያዛል። ያን ጊዜ ደቂቃ ሳይባክን ወደ ሆስፒታል ነው፤ ወደ ሌላ ቦታ አይደለም። ትንንሾቹ ሲመቱ ግን ማንም አያውቅም። ሰውየው ያለ ምክንያት ረጋ ይላል፣ አረማመዱ ያጥራል፣ ጨዋታው ይቀንሳል፣ የገንዘብ ስሌት ይከብደዋል። ልጆቹ «አባባ ዝምተኛ ሆነ» ይላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የመርሳት በሽታን የሚያጠኑ የዓለም ምሁራን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ዘገባ፣ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ሊለወጡ ከሚችሉ 14 ነገሮች ጋር የተያያዘ ነው ብለዋል። የደም ግፊት አለበት፣ ስኳር አለበት፣ መጥፎው ኮሌስትሮል አለበት፣ ውፍረት አለበት። እነዚህ አራቱ በየት በኩል ይገባሉ? በአፍ በኩል! ሲጋራ፣ የመስማት ችግር፣ ብቸኝነትም ተቆጥረዋል፤ ብቸኝነት የሚለውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። «ይህን ብላ፣ የመርሳት በሽታ አይነካህም» የሚላችሁን ሰው አትመኑት። ቺካጎ ያሉ ተመራማሪዎች ቅጠላ ቅጠል፣ ጥራጥሬ፣ ለውዝ እና አሳ የበዛበት፣ ቅቤ እና ጣፋጭ ያነሰበት አመጋገብ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ የሚበሉ አረጋውያን በመርሳት በሽታ የሚያዙት በጣም ያነሱ ሆነው አገኟቸው። ሁሉም ተደሰተ። ከዚያ እውነተኛውን ፈተና ፈተኑ፤ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ሦስት ዓመት ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ ሲወጣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያን ያህል ልዩነት አልተገኘም። በሌላ በኩል ፊንላንድ ውስጥ ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆኑ ከ1,200 በላይ ሰዎች ተጠንተው፣ ግማሾቹ አመጋገብን፣ እንቅስቃሴን፣ የአእምሮ ሥራን እና የግፊት ክትትልን አንድ ላይ ለሁለት ዓመት ሲይዙት የማሰብ ችሎታቸው ከሌሎቹ ተሻለ። ይህ ምን ይለናል? ምግብ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ለልብ ግን ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ ልብን ስትጠብቁ አእምሮም ከዚያው ይካፈላል። እኔ የምይዘው ይህን ነው።

ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ጓዳ እንግባ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል። ይህ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ከጠዋት እስከ ማታ፣ በወጥም፣ በዳቦም፣ በሁሉም ውስጥ ያለው ተደምሮ ማለት ነው። «እኔ ጨው አልወድም» የምትሉኝ አላችሁ። እስቲ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ከሰቃ በኩል የመጡ አንዲት እናት ጎረቤታችን ነበሩ። የግፊት መድኃኒታቸውን አንድ ቀን አይስቱም። ወጣቸው አልጫ ነው፤ ጨው የለበትም ማለት ይቻላል። ግፊታቸው ግን አልወርድ አለ። መድኃኒት ተጨመረላቸው፤ አልወረደም። አንድ ከሰዓት ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። አቦሉ ተቀዳ፤ እሳቸውም ለራሳቸው ከትንሿ ብልቃጥ ጨው ቆንጠር አድርገው ሲኒው ውስጥ ጨመሩ። ቶናው ተቀዳ፤ ጨመሩ። በረካው ተቀዳ፤ ጨመሩ። ይህ ደግሞ ጠዋትም አለ፣ ቀንም አለ፣ ማታም አለ። «እማማ፣ ይህ እኮ ጨው ነው» ብላቸው «ይህማ ቡና ነው!» አሉኝ።

ትስቃላችሁ። ከመካከላችሁ ስንቱ ቤት ነው ቡናው ጨው የሚገባበት? አያችሁ፣ እጅ የሚያወጣ ጠፋ!

በአንድ ቀን ተዉት አላልኳቸውም። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀነሱ። ምላስ ይለምዳል፤ ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል። ግፊታቸው ወረደ። መድኃኒቱን ግን አላቆሙም፤ ይህንን አስምሩበት። ጨው መቀነስ የመድኃኒት ረዳት ነው እንጂ ምትክ አይደለም። «ግፊቴ ተስተካከለ» ብሎ መድኃኒት የሚያቆም ሰው ግፊቱ የተስተካከለው በመድኃኒቱ መሆኑን የረሳ ነው።

ሌላ ጨው የሚደበቅበት ቦታ የት ነው? ወጥ ውስጥ የምትጨምሩት የማጣፈጫ ኩብ፣ ከጨው ጋር የተፈጨ ሚጥሚጣ፣ ከነጨው የተዘጋጀ ሽሮ፣ ዳቦ። ሽሮው ውስጥ ጨው ካለ ማሰሮው ላይ ለምን ይደገማል? ቻይና ውስጥ በ600 መንደሮች 21 ሺህ ያህል ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ አማካይ ዕድሜያቸው 65 ነው። ለግማሾቹ መንደሮች ሩቡ ፖታሲየም በሚባል ሌላ ማዕድን ጨው የተተካ ጨው ተሰጣቸው። አምስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ሲታይ በእነዚያ መንደሮች ስትሮክ 14 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ማሰሮው አልተለወጠም፣ ጨው ብቻ ነው የተለወጠው። እንዲህ ያለው ጨው የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው ግን አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳይጠየቅ አይነካም።

ዘይትን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ዋጋው አስቀድሞ ተናግሯል። የሚረጋው ዘይት፣ የፓልም ዘይት ማለት ነው፣ ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ ቅባት ነው። ኑግ፣ ሱፍ እና ሰሊጥ ከእሱ ይሻላሉ። ውድ ነው ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ መፍትሔው ግን ጥሩውን ገዝቶ ግማሹን መጠቀም ነው። ቁሌት ዘይት ላይ ካልተንሳፈፈ አይበስልም ያለው ማን ነው? ሽንኩርት በራሱ ውኃ ይበስላል። ቅቤም እንዲሁ ነው። ቡና ፍሬው በቅቤ ተቀቅሎ ሲቀርብ የእኛ አገር ባህል ነው፤ በሠርግ፣ በበዓል ቅመሱት፤ እኔም እቀምሳለሁ። የግፊት እና የልብ ክትትል ያለው ሰው ግን በየቀኑ ቅቤ የሚያስነካበት ምክንያት የለም።

አሁን ስለሚጨመረው እንነጋገር፤ ሁልጊዜ «ተው፣ ተው» ብቻ አሰልቺ ነው። ጅማ ላይ የምንኖር ሰዎች ሆነን አትክልት የለም ማለት አንችልም። ጎመን በየጓሮው ነው። አቮካዶ መሬት ላይ ወድቆ የሚበሰብስበት አገር ነው! አቮካዶ ቅባት አለው፣ ቅባቱ ግን ለልብ የሚስማማው ዓይነት ነው። ሙዝ አለ፣ ፓፓያ አለ። ምስር፣ ባቄላ፣ አተር አለ። እንጀራችን ከጤፍ ሲሆን ከነገለፈቱ የተፈጨ እህል ነው፤ ነጭ ዳቦ ግን ገለፈቱ ተነጥቆ ነው የሚመጣው። ተልባን ደግሞ እንዴት ረሳነው? ፈረንጆች በትንሽ ጠርሙስ በውድ ዋጋ የሚገዙት ኦሜጋ ሦስት የሚባለው ቅባት በተልባ ውስጥ ሞልቷል። እናቶቻችን ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በጥብጠው ያጠጡን ነበር። መውቀጣቸው ልክ ነበር፤ ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ እንደገባ ይወጣል።

የጾም ምግባችንን አስቡት፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባ፣ ሱፍ። የዓለም የልብ ሐኪሞች ብሉ የሚሉትን የሚመስል ማዕድ ነው። ታዲያ አሁን ጾም ሲመጣ ምን እናደርጋለን? ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖ፣ በዘይት የጠገበ ድንች! ይህ ጾም ልብን የሚያሳርፍ አይደለም። ረመዳን ላይም ያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የታገሰ ሰውነት በጥብስ እና በስኳር ሲፈታ ትዕግሥቱ የት ገባ? የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ የመድኃኒቱ ሰዓት እና መጠን መስተካከል አለበት።

ስለ ቡና ልትጠይቁኝ እንደምትፈልጉ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። አትፍሩ፣ አልከለክልም። ጅማ ላይ ቆሜ ቡና ብከለክል በሰላም ከአዳራሹ አልወጣም። በመጠኑ የሚጠጣ ቡና ለአብዛኛው ሰው ልብ ጠላት ሆኖ አልተገኘም። ሳይጣራ የሚፈላ ቡና ኮሌስትሮልን ትንሽ ከፍ የሚያደርግ ቅባት ስላለው አተላው በደንብ ይስከን። ስኳሩን ተውት፣ ጨውን ተውት፣ ለሊቱን እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ደግሞ የማታውን ተውት።

ስለ ጫት ዝም ብዬ ባልፍ ግን ትታዘቡኛላችሁ። ጫት ሲቃም ግፊት ይጨምራል፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ደም ሥር ይኮማተራል። ለወጣት ልብ የሚከብድ ነገር ለ70 ዓመት ልብ ምን ሊሆን ነው? ከዚያ ደግሞ ረኃብ ይጠፋል፤ ምሳ ይዘለላል፣ ማታም አይበላም። አብሮት የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይ እና ለስላሳ አለ፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይዞ ነው የሚመጣው። እንቅልፉም ሄደ። ለአእምሮ እንቅልፍን የመሰለ ምግብ የለም። አውቃለሁ፣ ከመካከላችሁ የሚከፉብኝ አሉ። ይክፋችሁ። የግፊት ክኒን እና ጫት በአንድ ኪስ ይዞ የሚዞር ሰው ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ነው የሚያባክነው።

ሦስተኛው! ልጆች፣ ስልኩን አስቀምጡ።

አንድ ዘመዳችን በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ወጡ። ሊጠይቁ የመጡት ሁሉ ምን ይዘው መጡ? ቅቤ ይዘው መጡ፣ ማር ይዘው መጡ፣ ጮማ ይዘው መጡ። ምራታቸው ገንፎ አገነፋች፤ መሐሉ ላይ ቅቤው እንደ ሐይቅ ተኝቷል። «ይጠገኑ» ተባለ። እምቢ ቢሉ ያስቀይማሉ፤ እሺ ቢሉ ልባቸው ታሟል። እኚያ ሰው ምን ያድርጉ? በሉ። ጥፋቱ የማን ነው? የእሳቸው ነው?

እኛ አገር አረጋዊ የሚበላውን አይመርጥም፤ ይቀርብለታል። ያከበረው ሰው ሁሉ ክብሩን በቅቤ፣ በጮማ እና በስኳር ይገልጽለታል። የወጥ እናት ወደሱ፣ የሰባው ሥጋ ወደሱ፣ ሻዩ ላይ ስኳር ሦስት ማንኪያ፣ ከዚያ ደግሞ ጉርሻ፣ ከዚያ ደግሞ «በሞቴ»! በሞቴ የሚል ሰው በማን ሞት እንደሚምል ያስብበት። አባታችሁን የምታከብሩ ከሆነ ጎመኑን በደንብ አብስላችሁ፣ አይብ ጣል አድርጋችሁበት፣ ከአጠገቡ ተቀምጣችሁ ብሉ። ለጥየቃ ስትሄዱ ፓፓያ እና ሙዝ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማንም አይስቅባችሁም።

ሌላው ጥርስ ነው። ይህን ማንም ሲናገር አልሰማሁም፣ እኔ ግን በሥራዬ ዘመን ደጋግሜ ያየሁት ነው። ጥርሱ የወለቀ ሰው ምን ይበላል? ዳቦ በሻይ ነክሮ። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ማታ ዳቦ በሻይ። ሥጋው ቀረ፣ ባቄላው ቀረ፣ ጎመኑ ቀረ።

አጋሮ የሚኖሩ አጎቴ እንዲህ ሆነው ነበር። ለዓመታት ለስኳራቸው ሜትፎርሚን ይወስዳሉ። ጥርሳቸው ካለቀ በኋላ ምግባቸው ዳቦ እና ሻይ ሆነ። እግራቸው ይደነዝዛል፣ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ፣ የልጆቻቸውን ስም ያምታታሉ። «ጃጁ» ተባለ፤ ተከደነ። ደማቸው ሲመረመር ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው በጣም አንሶ ተገኘ። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከወተት፣ ከዕንቁላል፣ ከሥጋ እና ከአሳ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ጨጓራ እሱን መውሰድ ያቅተዋል፣ ሜትፎርሚንም ይቀንሰዋል። መርፌውን ጀመሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ አጎቴ ገንዘብ ያበደሩትን ሰው ሁሉ በየስሙ እየጠሩ ማስጨነቅ ጀመሩ! ተበዳሪዎቹ እስከ ዛሬ ይረግሙኛል።

የሚረሳ ሰው ሁሉ በመርፌ ይድናል አላልኩም። ሳይመረመር ግን «ጃጀ» አትበሉ። ቢ12 ሊሆን ይችላል፣ እንቅርት ሊሆን ይችላል፣ የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ሊሆን ይችላል፣ የውኃ ጥማት እንኳን ሊሆን ይችላል። አረጋዊ ውኃ ቢጠማውም ጥማቱ አይሰማውም፤ ሰውነቱ ሲደርቅ አእምሮው ይወናበዳል። ውኃውን ጠይቃችሁ ሳይሆን ቀድታችሁ አቅርቡ። ጥርስ ለሌለው ደግሞ ምስሩን አልሙት፣ ዕንቁላሉን ቀቅላችሁ ፍጩት፣ እርጎ ስጡት፣ አቮካዶውን ዳጡት። የአረጋዊ ጡንቻ ቶሎ ስለሚያልቅ ፕሮቲን የሚያስፈልገው ከጎልማሳው በላይ ነው፤ «ሽማግሌ ምን ይበላል» የሚባለው ትክክል አይደለም።

ብቸኝነትን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ብቻውን የሚበላ ሰው ማብሰል ይሰለቸዋል። ሚስቱ የሞተችበት አባት፣ ልጆቿ አዲስ አበባ እና አረብ አገር የሄዱባት እናት፣ ለአንድ አፍ ወጥ አይሠሩም። ይህ እድር ለቀብር ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ ብረት ምጣድ አለው። እነዚያ ድስቶች ሰው እስኪሞት ለምን ይጠብቃሉ? በሳምንት አንድ ቀን ብቻቸውን ለሚኖሩት ምሳ ብናበስልባቸው ደንባችን ይከለክላል? ሊቀ መንበሩ እዚህ አሉ፤ ጥያቄዬን በቃለ ጉባኤ ይያዙልኝ።

ከመውረዴ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የልብ በር ችግር ኖሮባችሁ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ ጎመን ብሉ ስላልኩ ከነገ ጀምራችሁ በገፍ እንዳትበሉ። ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። የምትበሉት መጠን ከሳምንት ሳምንት ተመሳሳይ ይሁን፣ ለሐኪማችሁም ንገሩ። የኩላሊት ሕመም ያለባችሁም ሙዙን እና አቮካዶውን ከማብዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

አሁን የግፊት መለኪያው በግራ በኩል ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሁለት ነርሶች ከእኔ ጋር መጥተዋል። ወረፋ ስትይዙ አምስት ደቂቃ አርፋችሁ ተቀመጡ፤ እግር አታነባብሩ፣ ክንዳችሁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፉ፣ እየተለካችሁ አታውሩ። መድኃኒት የምትወስዱ የክኒኑን ልጣጭ አሳዩን። ከጓሮ የቡናው ሽታ እየመጣ ነው፤ ቡና የጠጣ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ አይለካም። ስለዚህ መጀመሪያ ልኬቱ፣ ከዚያ ቡናው። ጨው ያመጣ ሰው ካለ ለእኔ ያስረክብ።